በሰው ጎሳ የጠጡ ከብቶች

ቦረና ምድር፣ ዱብሉቅ ጉድጓድ አፍ ላይ ከብት ይዘህ ስትደርስ ስምህን የሚጠይቅህ የለም። የሚጠይቁህ ጎሳህን ነው። ስም ውሃ አያጠጣም፤ ጎሳ ግን ያጠጣል፤ ጉድጓዱ የጎሳ ነዋ። ይኼን የማያውቅ የደጋ ሰው ከኪሱ ብር እያወጣ «ልክፈል» ሲል አይቻለሁ። ይስቁበታል እንጂ አይቀበሉትም።

እኔ አውቅ ነበር። ባላውቅ ኖሮ አልዋሽም ነበር።

ነገሌ ነው የተወለድኩት። አባቴ ጣሊያን ሲወጣ ከጦሩ ጋር ከሰሜን የመጣ ወታደር ነው፤ እናቴም እሱን ተከትላ የመጣች። ጥርሴን ሳልቀይር አባቴን ወባ ገደለው። እናቴ ጠላ እየሸጠች አሳደገችኝ። ፊደል ከቄሱ ዘንድ ቆጠርኩ፤ ዳዊት ሳልደርስ ተውኩት። ስለዚህ የምጽፈው እንደምናገረው ነው። ያልጣመው ይተወው።

ጎረቤታችን አንድ ቦረና ነበር፣ የመጋዘን ዘበኛ። ከጎሳው ተነጥሎ ከተማ የገባ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጅም የሌለው ሰው። እናቴ ጠላዋን ስትጠምቅ እኔ ደጁ ላይ ነበርኩ። ቋንቋውን የተማርኩት ከሱ ነው። ከብት በጆሮውና በቀንዱ መለየት ያሳየኝ እሱ ነው። የጎሳውን የትውልድ ሐረግም እስከ ላይ ድረስ አስቆጠረኝ፤ ስሳሳት ወተቱን ይነጥቀኛል፣ ሳስተካክል ይመልስልኛል። ለኔ ጨዋታ ነበር። ለሱ ምን እንደነበረ ያን ጊዜ አላሰብኩም። ሲሞት ከቀበሩት አንዱ እኔ ነኝ። የጎሳውን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ ሰዎቹ አሁንም አሉ።

ጎልማሳ ስሆን ለአንድ ነጋዴ ከብት መንዳት ጀመርኩ፤ ከያቤሎ ወደ ነገሌ፣ ከነገሌ ወደ ወደራ። ደሞዜን በጥጃ እየተቀበልኩ የራሴን ከብት አፈራሁ። አንድ በጋ በነገሌ በኩል ሣሩ አለቀና ከብቶቼን ይዤ ወደ ዱብሉቅ ወረድኩ።

ስንደርስ የላሞቼ ምላስ ወጥቶ ነበር። አንዲቱ እርጉዝ ስለነበረች ትሄዳለች፣ ትወድቃለች፣ በጭራዋ አንስቻት ትሄዳለች። ከጉድጓዱ ሆድ የቀጂዎቹ ዘፈን ይሰማል። ያ ጉድጓድ እንደ ሌላው ጉድጓድ አይምሰላችሁ፤ ሰዎች ከታች እስከ ላይ በመሰላል ላይ ተደርድረው በቆዳ ባልዲ እየተቀባበሉ ነው ውሃውን የሚያወጡት። ከብቶቼ ሽታው ሲደርሳቸው ልይዛቸው አቃተኝ።

የውሃውን ተራ የሚያዘው ሰው፣ አባ ሄሬጋ ይሉታል፣ በትሩን አግድሞ አቆመኝ።

«ናጋ?» አለኝ፤ ሰላም ነህ ማለት ነው።

«ናጋ።»

«ከብቱ ናጋ?»

«ናጋ።»

«ጎሳህ?»

የእንግዳ ከብት የሚጠጣው የባለ ጉድጓዶቹ ሁሉ ጠጥቶ ሲያበቃ ነው። ወረፋውን አየሁት፤ አቧራው እስከ ማዶው ኩይሳ ድረስ ይጨሳል። ያቺ ላም እስከዚያ አትደርስም። የዘበኛውን ጎሳ ጠራሁ።

ሰውዬው ግራር ጥላ ስር ወደ ተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ዞሮ ጮኸ። «አባ! ይኼ የእናንተ ነኝ ይላል!»

ሽማግሌው ተነሥተው መጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ሰው ሁሉ ሥራውን አቁሞ የሚሰማቸው ሰው ናቸው፤ ይኼን በኋላ ነው ያወቅኩት።

«የማን ልጅ?»

የዘበኛውን ስም ነገርኳቸው።

«ያ ነገሌ የገባው? ልጅ ወልዷል እንዴ?»

«ወልዷል።»

«እስቲ ቁጠር።»

ቆጠርኩ። አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን፣ እስከ ላይ። አንዱንም አልሳትኩ። መሃል ላይ ስደርስ ሽማግሌው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ወንድሜ ደርቆ ቀረ ስንል ዘር አስቀርቷል!» ብለው ትከሻዬን ያዙኝ። ላሞቼ ከሁሉ ቀድመው ጠጡ። ያቺም ላም ተረፈች።

«አሳድጎኛል» ብል እውነት ነበር፤ ማን ያውቃል፣ በዚያም ያጠጡኝ ይሆናል። እኔ ግን «ወልዷል» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እኔ ሳልገፋው ራሱ ሄደ። ከብቶቼ ከሽማግሌው ከብቶች ጋር ተቀላቀሉ። ዱብሉቅ ስሆን የሞተ ሰው ልጅ ነኝ፤ ነገሌ ስሆን የወታደር ልጅ። መንገድ ላይ አንድ ቦታ አለች፣ ማተቤን ከሸሚዜ ስር የምከትባትና ስመለስ የማወጣባት። የጎሳው ልጆች ሲያገቡ አጅቤያለሁ፣ ሲጣሉ ገላግያለሁ። ሽማግሌው «ልጄ» ነበር የሚሉኝ። አባት ሳላውቅ ያደግኩ ሰው ነኝና አልዋሽም፣ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ዐቢይ ጾም ላይ ግን ነገሩ ከበደኝና የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ።

«አባቴ፣ የሌላ ሰው ልጅ ነኝ ብያለሁ።»

«ለማን?»

«ለቦረናዎቹ። ውሃ እንዲያጠጡኝ።»

«ማተብህን ፈታህ ወይ?»

«አልፈታሁም። ከሸሚዜ ስር ነው።»

«ተመስገን!» አሉና ተነፈሱ። «እና ሌላው ችግር ምንድን ነው?»

«ውሸቱ ነዋ፣ አባቴ!»

ጺማቸውን አሹ። «ልጄ፣ የሰረቅኸውን በሬ ለኔ ስለነገርከኝ በሬው ወደ ባለቤቱ አይሄድም። ስገድ፣ ጹም፤ እግዚአብሔር ይቅር ይልሃል። ሰዎቹን ግን እኔ አልወክላቸውም። ለተዋሸው ሰው ሂድና ንገር።»

«ብነግራቸው ከብቶቼ የት ይጠጣሉ?»

«እሱን እኔ ምን አውቄ! እኔ ለጠበል የሚሆን ውሃ አጥቼ እዞራለሁ።»

ሰገድኩ፣ ጾምኩ። አልነገርኩም።

ከዚህ የባሰውን ደግሞ ነገሌ ገበያ ላይ ሠራሁት። ሽማግሌው ሳልጠብቃቸው አንድ ቅዳሜ በሬ ሊሸጡ፣ ጨውና አቡጀዲ ሊገዙ መጥተው ገበያ መሃል ተገናኘን። ማተቤ በግላጭ ነው። ጋቢዬን ወደ አንገቴ ስቤ ሰላምታ ስለዋወጥ ከወዲያ ማዶ እናቴ የጌሾ እስሯን ይዛ ጮኸች። «አንተ ልጅ! ና ተሸከምልኝ እንጂ፣ ወገቤ ተቆረጠ!»

ሽማግሌው ዞረው አዩዋት። «ያቺ ሴትዮ አንተን ነው የምትለው?»

«አዎ።»

«ምንህ ናት?»

«የተከራየሁባት ሴትዮ ናት።»

እናቴ ኦሮምኛ ትሰማለች። አጠገባችን ደርሳ ነበር። እሷን ቀና ብዬ አላየኋትም። ጌሾውን ራሷ ተሸክማ ሄደች። ቤት ስገባ ምሳዬን አቀረበችልኝ፤ ስለዚያ አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ድርቁ መጣ፤ ጃንሆይ ከመውረዳቸው ጥቂት ቀደም ብሎ። ዝናቡ አንዴ ቀረ፣ ደግሞ ቀረ። ጉድጓዱ ውሃ አልከለከለም፤ ሣር ነው የጠፋው። ከብቱ ጠጥቶ ጠጥቶ በረሃብ ይወድቃል። የኔዎቹ ተራ በተራ አለቁ። ያቺ ላምም፣ የልጅ ልጅ አይታ፣ አለቀች። ጅራፌን ይዤ ቀረሁ።

ቦረና ቡሳ ጎኖፋ የሚለው ሥርዓት አለው። ከብቱ ያለቀበትን ሰው ጎሳው ተሰብስቦ፣ ጊደር አዋጥቶ፣ መልሶ ያቆመዋል። ልመና አይደለም፤ የጎሳ ልጅ መብቱ ነው። ጠያቂው ግን ራሱ አይናገርም። አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል፣ ሌላ ሰው ይናገርለታል። ሽማግሌው እኔን ሳይጠይቁ ጉዳዬን አቀረቡ። «ነገ ጉባኤ አለ፣ ታጠብና ና» ሲሉኝ ነው ያወቅኩት።

ሄድኩ። ለምን ሄድክ ብትሉኝ፣ ከብት አልነበረኝም።

ግራሩ ስር ስደርስ ጠያቂው እኔ ብቻ አይደለሁም። ባሏ የሞተባት፣ ትንንሽ ልጆች ያሏት አንዲት ሴት አለች። እሷም የቀራት ባዶ በረት ነው። ድርቁ የሁሉንም በረት ስላራቆተ ጎሳው በዚያ ወቅት ሊያቆም የሚችለው አንድ ቤት ብቻ ነበር። ወይ እኔን፣ ወይ እሷን።

ለሷ የተናገረላት የባሏ ወንድም ነው። ደግ ሰው ነው፤ ግን ቃሉ አፉ ውስጥ ይተሳሰራል። ሲያስበው የከረመውን ረስቶ ዝም አለ። ከዚያ የኔ ሽማግሌ ተነሡ። ስለዚያ ዘበኛ ተናገሩ፤ ከተማ ውስጥ ብቻውን እንደሞተ፣ ስሙ እንዳይጠፋ አንድ ወንድ ልጅ ጥሎ እንዳለፈ። «ይኼን በረት ካልሞላነው የወንድማችን እሳት ዳግመኛ ይጠፋል» አሉ። ሽማግሌዎች አፍንጫቸውን ሲጠርጉ አየሁ።

ሴቲቱ ከሴቶቹ ጋር ራቅ ብላ ተቀምጣ ነበርና ከዚያው ጮኸች። «እሱ የከተማ ልጅ ነው፣ ሻይ እየጠጣ ይኖራል! የኔ ልጆች ምን ይጠጡ?»

«ሴትዮ፣ ዝም በይ፤ ተናጋሪ አለሽ» አላት አንዱ።

«ተናጋሪዬ ሲናገር ሰማችሁት እንዴ?»

ሰው ሳቀ። የባሏ ወንድም ራሱ ሳቀ። ውሳኔው ግን ለኔ ሆነ። «ጎልማሳ ነው፣ ጉልበት አለው፣ ከብቱን ያራባል፤ ሴቲቱ ከባሏ ወንድም በረት ወተት ትጠጣ፣ ዝናብ ሲመለስ እናያታለን» አሉ። ጊደሮቹ ፀሐይ በረድ ስትል እንዲመጡ ተባለ። ዝናብ እስኪመለስ ከልጆቿ የትኛው እንደሚተርፍ የጠየቀ የለም። የባሏ ወንድም በረት ውስጥ ያሉት ላሞች አጥንታቸው ከሩቅ የሚቆጠር ነበር፤ እኔም አይቻቸዋለሁ።

ሰው ለጥላ ሲበተን ሽማግሌውን ከኩይሳው ጀርባ ወሰድኳቸው።

«አባ፣ የሱ ልጅ አይደለሁም።»

«የማን?»

«የዘበኛው። ጎረቤቱ ነበርኩ። ሐረጉን ያስጠናኝ እሱ ነው። አባቴ ወታደር ነበር።»

አልጮኹም። በትራቸውን መሬት ላይ ተክለው ተደገፉት።

«ያቺ ገበያ ላይ የጠራችህ ሴት?»

«እናቴ ናት።»

«እኔን የዋሸኸኝ ከብትህ ጠምቶት ነው። ይገባኛል። እሷን ለምን?»

ይኼን ጥያቄ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ።

«ስማኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ጎሳው ዛሬ ያለቀሰው በኔ ቃል ነው። አሁን ተነሥተህ ብትናገር የኔ ቃል ነው የሚሞተው። ጊደሮቹን ተቀበል። ዝናብ ሲመጣ ለሴቲቱ ቀስ አድርገን እንሰጣታለን። ማንም አያውቅም።»

«እስከዚያ ልጆቿስ?»

«ዝም በል አልኩህ!»

ይኼው ነው የተቸገርኩት። ብናገር ልጄ ብሎ ያቀፈኝን ሰው በሕዝብ ፊት አዋርዳለሁ። ዝም ብል የነዚያን ልጆች ወተት እጠጣለሁ። ሁለቱንም የማላደርግበት መንገድ ቢኖር ያን ቀን አገኘው ነበር፤ በጣም ፈልጌዋለሁና። ተነሥቼ ወደ ነገሌ ልጥፋ ብዬም አሰብኩ። ብጠፋ ግን ሽማግሌው ጊደሮቹን በስሜ ተረክበው ይጠብቁልኝ ነበር። ያውም በፍቅር።

ፀሐይ ዘወር ስትል ተሰበሰብን። ጊደሮቹ መጥተው በሩቅ ቆሙ፤ ከሲታ ናቸው፣ ግን ሕይወት አላቸው። የጉባኤው ሰብሳቢ ምርቃት ጀመሩ።

«ጉድጓዱ ናጋ!»

«ናጋ!» አለ ሰው ሁሉ።

«ሣሩ ናጋ!»

«ናጋ!»

«የሚሰጥ ናጋ! የሚቀበል ናጋ!»

«ናጋ!»

እዚያ ጉባኤ ላይ ናጋ ከተባለ በኋላ ውሸት አይነገርም። ሁሉም መመለስ አለበት። የኔ አፍ አልከፈት አለ። አጠገቤ የተቀመጠው ጎልማሳ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ፤ ከዚያ ጮክ ብሎ «ተቀባዩ አልመለሰም» አለ።

ሰው ሁሉ ዞረ። ጠያቂ አይናገርም ብያችኋለሁ፤ እኔ ግን ተነሣሁ።

«የሱ ልጅ አይደለሁም» አልኩ። «እሱ ልጅ አልነበረውም። አባቴ ከሰሜን የመጣ ወታደር ነው፣ እናቴ ነገሌ ጠላ ትሸጣለች። ሐረጉን ያስቆጠረኝ እሱ ራሱ ነው። ጉድጓዱ ላይ የዋሸሁት ላሜ እንዳትሞት ነው፤ ከዚያ ወዲህ የዋሸሁት ግን ደስ ስላለኝ ነው። ጊደሮቹ የኔ አይደሉም።»

ቀድሞ የተነሣው ያ በክርኑ የጎሸመኝ ጎልማሳ ነው፤ በትሩን አንሥቶ መጣብኝ። በሠርጉ ቀን አጠገቡ የቆምኩ እኔ ነበርኩ። ሁለት ሰዎች ያዙት። ከወዲያ አንዱ «እንግዲያው ያን ሁሉ ዓመት የሐበሻ ላም ነው ስናጠጣ የኖርነው?» ሲል የሳቀም፣ የሳቀውን የተቆጣም ነበረ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ቢመቱኝ ቀላል ነው ብዬ ነበር። አልመቱኝም።

ሰብሳቢው እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙና ወደኔ ሳይሆን ወደ ሽማግሌው ዞሩ።

«አንተ ነህ ያስገባኸው። ታውቅ ነበር?»

እኔ ቸኮልኩ። «አያውቁም! እኔ ነኝ ያታለልኳቸው!» ልል አፌን ከፈትኩ። ውሸቱ ተዘጋጅቶ ምላሴ ላይ ነበር፤ እውነት በተናገርኩ በዚያው ትንፋሽ። ሽማግሌው እጃቸውን ወደኔ ዘርግተው አስቆሙኝ።

«ጠዋት ስናገር አላውቅም ነበር» አሉ። «እኩለ ቀን ላይ ነገረኝ። ዝም በል አልኩት።»

ይኼን ማንም አልጠየቃቸውም። አላውቅም ነበር ብለው ቢቀመጡ ማንም አይመረምራቸውም ነበር። ናጋ ተብሏል፤ እሳቸው ከዚያ በኋላ መዋሸት አይችሉም። እኔን እንኳ ዝም በል ሲሉኝ ራሳቸው እንደሚጠየቁ ረስተውት ነበር መሰለኝ።

ፍርዱ ብዙ አልፈጀም። ጊደሮቹ ለሴቲቱ ሄዱ። የዘበኛውን ስም እንደ አባቴ ዳግመኛ እንዳልጠራ ተነገረኝ። ሽማግሌው ጉባኤው የሚያርደው አንድ ወይፈን እንዲያመጡ ተፈረደባቸው፤ ከቀሯቸው ጥቂቶች አንዱን አመጡ። ያን ወይፈን ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ ሥጋውን ሲያቀርቡልኝ አልበላሁም፣ ሽማግሌው ግን በሉ፤ ፊታቸውን ሳያጠቁሩ።

ሴቲቱ ጊደሮቿን ስትነዳ መንገድ ላይ አገኘኋት። ምን እንደጠበቅኩ አላውቅም፤ ቆምኩ።

«ምን ቆመህ ታየኛለህ?» አለችኝ። «ላመሰግንህ ነው?»

«አይደለም።»

«የኔ ነበር። ልትወስደው ነበር፣ ተውከው። በል፣ መንገዱን ልቀቅ፣ ከብቱ ይለፍ።»

ለቀቅኩላት። እውነቷን ነው።

በማግስቱ ጠዋት ጉድጓዱ ውስጥ ወርጄ ለሽማግሌው ከብቶች ውሃ መቅዳት ጀመርኩ። ማንም ና አላለኝም፤ ማንም ሂድ አላለኝም። ከበላዬ ያለው ሰው ባልዲውን ይቀበለኛል እንጂ ፊቴን አያይም። ዝናቡ እስኪመጣ ቀዳሁ። ሽማግሌው ከላይ ቆመው ከብታቸውን ያጠጣሉ። አንድ ቀን ብቻ ወደ ታች ጎንበስ ብለው «እናትህ ዘንድ ሄድክ?» አሉኝ። «ገና» ስላቸው ባልዲውን መልሰው ወረወሩልኝ። ዝናቡ እንደጣለ ሄድኩ። እናቴ ሁሉንም ስትሰማ «የተከራየህበትን የስንት ዓመት ኪራይ አለብህ ታዲያ!» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም፤ ደግማ ሳቀች።

አሁን ያን ቀን መናገርህ ትክክል ነበር ወይ ብትሉኝ፣ ትክክል ነበር። ዛሬም ቢሆን እናገራለሁ፤ ግትር ነው ቢሉኝ ይበሉኝ። የሴቲቱ ልጆች አድገዋል፤ አንዱ ያቤሎ ውስጥ ሱቅ አለው፣ ሲያየኝ ሰላም ይለኛል፣ ለምን ሰላም እንደሚለኝ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ግን አንድ ነገር አለ። ከዚያ ጉባኤ ወዲህ ሽማግሌው ለማንም ተናጋሪ እንዲሆኑ አልተጠየቁም። ማንም አልከለከላቸውም፤ ብቻ የሚጠራቸው ጠፋ። ያን የመሰለ አንደበት ግራር ስር ተቀምጦ ዝም አለ። ከጥቂት ዓመት በኋላ በጎሳው ውስጥ አንድ ድሀ ከብቱን ዘራፊ ወሰደበት። ተናጋሪ ፈልጎ ፈልጎ፣ ያገኘው ሰው ቃል የማያውቅ ሆነና ጉባኤው ጉዳዩን ወደ ሌላ ጊዜ አሳለፈው። ሰውዬው ልጆቹን ይዞ ወደ ሞያሌ መንገድ ሄደ፤ ምን እንደደረሰበት የሚነግረኝ አላገኘሁም። ያን ቀን ሽማግሌው ጉባኤው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ነበር። ቢናገሩለት ኖሮ ጊደሮቹን ያገኝ ነበር።